የማትሞቀው መኪና

ባለፈው ሳምንት ከኦቶና ሆስፒታል መድኃኒቴን ይዤ ስወጣ ዝናብ መጣብኝና አንድ አሮጌ ኮሮላ ኮንትራት ያዝኩ። በሩን ዘግቼ ገና ሳልደላደል ሽታው መጣ። ያልተቃጠለ ቤንዚን፣ ከጥቀርሻ ጋር። ሹፌሩ ፊቴን በመስታወት አየና «ይቅርታ እማዬ፣ ሴንሰሩ ነው ይላሉ» አለኝ።

«ሞተሩ ይሞቃል?» አልኩት።

«ኧረ ጭራሽ። በእሱስ ተመስገን ነው፤ ሁምቦ ወርጄ ስመለስ እንኳ አይሞቅም።»

ተመስገን የምወደው ቃል ነው። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ የምለው እሱን ነው። ያን ዕለት ግን ከዚያ ልጅ አፍ ሲወጣ ደሜ ፈላ። ቴርሞስታቱን አሳይ ብዬው ወረድኩ። ልጁ አላስቀየመኝም። ያስቀየመኝ ሌላ ነገር ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ያለፈ መስሎኝ ነበር።

ያኔ ሶዶ ትንሽ ነበረች። ባጃጅ ገና አልመጣም፤ ከመናኸሪያ ወደ ሰፈር የሚያደርሰን የፈረስ ጋሪ ነበር። አስፋልቱ ዋናው መንገድ ላይ ያልቅና ከዚያ ወዲያ ክረምት ጭቃ፣ በጋ ቀይ አቧራ ነበር። ነጭ ጫማ የሚያደርግ ሙሽራ ብቻ ነው። በአንድ ብር የተገዛ አቮካዶ በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ አያልቅም፤ ሙዝማ በእጅ የሚገዛ ሰው አልነበረም፣ በግንዱ ነው። አራዳ ሰፈር በረንዳው ላይ ልብስ ሰፊዎቹ ተደርድረው በእግር መኪና ለመዘምራን ሳቲን ይሰፋሉ፤ አንዱ አጥቢያ ሰማያዊ ካሰፋ ሌላው ወይን ጠጅ ያሰፋል። መናኸሪያው አጠገብ ሁለት የካሴት ሱቆች ፊት ለፊት ነበሩ። አንደኛው በወላይትኛ መዝሙር ሲከፍት ሌላኛው በአማርኛ ድምፁን ከፍ ያደርግበታል፤ መንገደኛው መሐል ቆሞ ሁለቱንም በነፃ ይሰማል። ስብሰባም ብዙ ነበር። ስለ ስብሰባው የተሰበሰቡት ይጻፉ። እኔ ስለ አንዲት መኪና ነው የምጽፈው።

ነጭ ኮሮላ ናት። ለአጥቢያችን የሰጡን የውጭ አገር ሰዎች ናቸው፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ትተዋት ሄዱ። ያኔ ከተማው ውስጥ ያለው ብዙው መኪና ካርቡራቶር ነበረው። ይህቺ ኮምፒውተር አላት ሲባል ወጣቶቹ ኮፈኗን አስከፍተው አዩ፤ እንደ ቴሌቪዥን ያለ ነገር ፈልገው አጡ። የአጥቢያው ንብረት ክፍል ኃላፊ ሽማግሌ ዘካርያስ ነበር። በከተማው ትልቅ የእህል ነጋዴ ነው፤ መልካም ሱፍ የሚለብስ፣ ጸሎቱ ረጅም የሆነ ሰው። መኪናዋን ራሱ ተረከበ፣ ራሱ ጋራዥ ወስዶ አስመረመራትና ቁልፉን ለባለቤቴ ለላሊሞ ሰጠው። ላሊሞ ከዚያ በፊት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። የቤተ ክርስቲያን መኪና ንዳ ሲባል ደመወዙ እንደሚያንስ እያወቀ ቀኑን ሙሉ ሲዘምር ዋለ።

ሥራው ወንጌላውያንን ገጠር ማድረስና ሕመምተኛ ከቆላ ወደ ኦቶና ማምጣት ነው። አብዛኛው መንገዱ ወደ ሁምቦ ቆላ፣ ወደ ተበላ ከተማ ነበር። ወደ ተበላ መውረድ ቀላል ነው፤ ፀሐዩ ግን የሚያነድ ነው። ስትመለስ ዳገት ነው። ያኔ ዳገቱ ላይ ኮፈን ከፍቶ የቆመ መኪና፣ ከራዲያተሩ እንፋሎት የሚተፋ፣ ሁልጊዜ ይታይ ነበር። ሹፌሮች ጀሪካን ውኃ ይዘው ነው የሚሄዱት። የእኛ ኮሮላ ግን አንድም ቀን አልሞቀችም። የሙቀት መለኪያው ቀስት ከታች ተኝቶ ወርዶ፣ ከታች ተኝቶ ይመለሳል።

ይህን እንደ ተአምር ቆጠርነው። አንድ እሑድ ዘካርያስ ማይክ ይዞ መሰከረ። ሦስቱ ብላቴኖች እቶን እሳት ውስጥ ገብተው የጭስ ሽታ እንኳ እንዳልነካቸው አስታወሰን፤ የእኛም መኪና በሁምቦ እሳት ውስጥ አልፋ አልሞቀችም አለ። ጉባኤው እልል አለ። እኔም እልል አልኩ። ላሊሞ አይቼበት በማላውቀው ደስታ ተነሥቶ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። ከዚያ ወዲያ በአጥቢያችን የምስጋና ጸሎት ሲደረግ ዝናብ ከተመሰገነ በኋላ መኪናዋ ስላለመሞቋ ይመሰገናል። ጌታ ሆይ፣ ስንት ወር በበሽታዋ አመሰገንንህ።

ቀስ እያለ ሽታው መጣ። ላሊሞ ማታ ሲገባ ሸሚዙ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። በሳሙና አጥቤ፣ በሎሚ አሽቼ፣ ሦስተኛ ውኃ ላይ እንኳ አይለቅም። ከመኪናዋ ኋላ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ነጭ መከላከያዋ ላይ ጥቀርሻ ተጋገረ። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ። ቤንዚኑም ቶሎ ያልቃል። ላሊሞ ለዘካርያስ ነገረው፤ አንድ ጊዜ አይደለም። «እግርህን አቅልለው» ብሎ መለሰው። እንደገና ሲነግረው «ፈረንጆቹ በዚህ ቤንዚን አርባ ምንጭ ደርሰው ይመለሱ ነበር» አለው። ከዚያ በኋላ በጥርጣሬ ያየው ጀመር።

በጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ ሰሞን፣ ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። የበዓል ምግባችንን ሙቹዋ ሠርቼ ነበርና አቀረብኩ፤ አልበሉም። ሽማግሌ የቀረበለትን ሳይበላ ሲቀር ምን እንደመጣ ይታወቃል። ዘካርያስ ጓሮውን ለማየት ጠየቀ። አሳየሁት። ገመዱ ላይ የላሊሞ ሸሚዝ ተሰጥቷል። ቀረብ ብሎ አሸተተው፤ ሌሎቹንም ሽማግሌዎች አስሸተታቸው። ከግድግዳው ሥር ውኃ የምቀዳበት ቢጫ ጀሪካን ነበር። እሱንም ከፍቶ አሸተተ። ጀሪካኑ የሸተተው የጭቃ ውኃ ብቻ ነው። ቢሆንም ክዳኑን ሲዘጋ ራሱን ነቀነቀ።

ወደ ቤት ተመልሰው ተቀመጡ። «ወንድም ላሊሞ፣ ቤንዚኑ የት ይሄዳል?» አለ ዘካርያስ።

«መኪናዋ ትጠጣዋለች።»

«እንደዚህ የምትጠጣ መኪና አለች?»

«አላውቅም። ታማለች ብያለሁ።»

«ለማን ነው የምትሸጠው? ንገረንና በፍቅር እንጨርሰው። ሰው ነህ፤ ልጆች አሉህ።»

ላሊሞ አማርኛውን ተወው። «ጦሲ ኤሬስ» አለ። እግዚአብሔር ያውቃል ማለት ነው። ሌላ ቃል አልጨመረም። ሲናደድ የሚዘጋ ሰው ነው። እነሱ ግን ዝምታውን እንደ እምነት ቃል ወሰዱት።

እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። «አንድ መካኒክ ይያት» አልኩ።

«እህት ሣራ፣ መኪናዋን ስንረከብ አስመርምሬያታለሁ» አለኝ ዘካርያስ። ይህን ቃል አልረሳውም። አስመርምሬያታለሁ። ጋራዡ ውስጥ ምን እንዳስደረገ ሊናገር የሚችልበት ቀን ነበር፤ ከአፉ የወጣው ይህ ብቻ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ተነገረ። ወንድም ላሊሞ በምግባር ጉድለት ከአገልግሎትና ከጌታ እራት ታግዷል፤ ጸልዩለት ተባለ። በእኛ ዘንድ ጸልዩለት የተባለ ሰው ምን እንደሆነ ልጅ እንኳ ያውቃል። ስርቆት የሚለውን ቃል ማንም አልተናገረም። ቢናገሩት ይሻል ነበር፤ ሰው መልስ ይሰጥበታል። ገበያ ስወጣ ሴቶቹ ሰላም ይሉኝና ዓይናቸው ወደ ቅርጫቴ ይሄዳል፤ ምን ገዛች፣ በምን ገዛች። አንዷ ጫማዬን አይታ «አዲስ ነው?» አለችኝ። የእኅቴ ነበር።

የጌታ እራት በየወሩ ነው። ሳህኑ በየረድፉ ሲያልፍ ላሊሞ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ወደ ኋላ ሄደህ ተቀመጥ አልኩት፣ አይሆንም አለ። ቦታው ያው ነው፤ ከፊት ሦስተኛው አግዳሚ። የሚያሳልፈው ወንድም እኛ ጋ ሲደርስ ሳህኑን ከፍ ያደርገዋል፣ እንዳይነካው። በሳህን ከፍታ ሰው ሊገደል እንደሚችል ያኔ አየሁ።

ቁልፉን ለዘካርያስ አማች ሰጡት፤ የሚስቱ ወንድም ነው። ክፉ ልጅ አልነበረም። መኪናዋ ግን ለእሱም ያንኑ ያህል ጠጣች። እንዲያውም ጨመረች። ጭሷን ከሩቅ እናያለን። ያኔ ዘካርያስ ምን አለ? «ቤንዚኑ ተበርዟል፣ ዘንድሮ የሚመጣው ጥሩ አይደለም» አለ። የአማቹን ሸሚዝ ማንም አላሸተተም።

ላሊሞ ሥራ ፈልጎ የበቀለ ጋራዥ ገባ። በቀለ አባቱ ከሰሜን በሥራ መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ እዚህ ተወልዶ ያደገ ኦርቶዶክስ ነው። አፉ አያርፍም፤ የሚያውቀውን ሁለት እጥፍ አድርጎ ያወራል፤ በእያንዳንዱ ብሎን በማርያም ይምላል። ግን ላሊሞን ምንም ሳይጠይቅ ቱታ ሰጠው። ስለዚህ ነገር እስከ ዛሬ ስሙን በጸሎቴ አነሣለሁ፤ ቢሰማ ይስቅብኛል።

ዐቢይ ጾም መጨረሻ ላይ ኮሮላዋ እየተጎተተች እዚያው ጋራዥ መጣች። ዳገቱ ላይ ጠፍታባቸው ነው። ምሳ ይዤ ስደርስ በቀለ ካንዴላዎቹን አውጥቶ መዳፉ ላይ ደርድሯቸዋል፤ ከሰል መስለዋል።

«እናንተ ጴንጤዎች መኪናም በጸሎት ነው እንዴ የምትነዱት?» አለኝ።

«አንተስ በመሐላ አይደል የምትጠግነው?»

ሳቀ። ቴስተሩን ይዞ ከመኪናዋ ሥር ገባና ከጭስ መውጫው ቧንቧ ላይ ሽቦ ያላት ትንሽ ነገር አሳየን። «ይቺ አፍንጫ ናት። ጭሱን እያሸተተች ለኮምፒውተሩ ቤንዚን በዛ፣ አነሰ ትለዋለች። ቁጥሩ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ማለት አለበት። የእናንተዋ ‹በዛ› እንዳለች ደርቃ ቀርታለች። በማርያም፣ አፍንጫዋ ነው የሞተው።» ከተጋጨ መኪና ሌላ ሴንሰር ፈትቶ ገጠመላት፣ ካንዴላዎቹን አጸዳ፣ አማቹ ነድቶ ሄደ። በቀለ ለመጣ ለሄደው ሁሉ በሽታዋን እንዴት እንዳገኘው አወራ።

ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰች። ጭሷ ያው፣ ሽታዋ ያው። ተሽሏት የነበረው ካንዴላው ስለጸዳ ብቻ ነው። በቀለ አዲሱንም አፍንጫ ለካ፤ በዛ ይላል። የአየር ማጣሪያውን አየ፤ ንጹሕ ነው። ቤንዚን የሚረጩትን አፈላልጎ አየ፤ አያንጠባጥቡም። ከጠዋት ጀምሮ ሞተሩን አስነሥቶ ሲዞራት ዋለ። እኔ ምሳ አምጥቼ ፀሐዩ ሲበረታብኝ መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ዓይኔ ቀስቱ ላይ አረፈ። ከታች ተኝቷል።

«ከጠዋት ጀምሮ ነው ያስነሣሃት?» አልኩት።

«ከሁለት ሰዓት ጀምሮ።»

«ታዲያ ይህ ቀስት ለምን ተኛ?»

«እሷማ የማትሞቀው አይደለች? ራሳችሁ በቤተ ክርስቲያን እልል…» ብሎ አቆመ። ሄዶ የራዲያተሩን የላይኛውን የውኃ ጎማ በእጁ ያዘው። ሌላ መኪና ቢሆን ያቃጥለዋል። እሱ ግን ይዞት ቆመ።

የፓስታ ካርቶን ቀደደና ነፋሱ እንዳያቀዘቅዘው የራዲያተሩን ፊት ግማሹን ሸፈነበት። ላሊሞ መሪውን ያዘ፤ ከታገደ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። መኪናዋን ያመጣው አማቹና እኔ ከኋላ ተቀመጥን። በተበላ መንገድ ወረድንና ዞረን ዳገቱን ጀመርን። ቀስቱ ተነቃነቀ። ወደ መሐል መጣ። በቀለ በጉልበቱ ላይ ያስቀመጠው ቴስተር በዛ፣ አነሰ፣ በዛ፣ አነሰ ማለት ጀመረ። ላሊሞ በመስታወት ወደ ኋላ አየ፤ እኔም ዞርኩ። ጭስ አልነበረም።

ጋራዥ ስንመለስ ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃውን የሚይዘው ቴርሞስታት የሚቀመጥበትን ቤት ፈታው። ባዶ ነው። «ይቺ ሞተር ሁልጊዜ ጠዋት ነው ብላ ታምናለች» አለ በቀለ፤ «ብርድ ላይ እንዳለች ቤንዚን ጨምሩልኝ ትላለች። አፍንጫዋም ቢሆን ካልሞቀ አይሠራም። ውኃውን የሚይዝላት ስለሌለ ዕድሜዋን ሙሉ አትሞቅም። ማነው ያወጣው?»

አማቹ በየዋህነት መለሰ። «ወንድም ዘካርያስ ናቸው። መኪናዋ እንደመጣች፣ እኔም አብሬ ነበርኩ። ይህ የፈረንጅ ቡሽ ነው፣ ለቆላ አይሆንም ብለው አስወጡት።»

ላሊሞ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ቴርሞስታት ማስወጣት ወንጀል አይደለም። ያኔ ሁሉም ያስወጣ ነበር፤ እንዳይፈላ ብሎ፣ ዛሬም ያስወጣሉ። ቤንዚን እንደሚያስበላ ባያውቅ አልፈርድበትም። ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ሰውየው ቤቴ ተቀምጦ ባሌን ቤንዚኑ የት ሄደ ሲለው፣ ሞተሯን እኔም ነክቻለሁ አላለም። አማቹ ያንኑ ሲያስጨርስ፣ ምናልባት ላሊሞን በድለነዋል አላለም። የሰው ስም ከአንድ የብረት ቁራጭ አንሶ ቆየ፣ ከጊፋታ እስከ ትንሣኤ ድረስ።

በቀለ ራሱ መጋቢያችን ዘንድ ሄዶ ነገረው። አዲሱ ቴርሞስታት ከሐዋሳ በሚኒባስ መጣ፤ ተገጠመ፤ መጋቢው ራሱ በመኪናዋ ተበላ ድረስ ሄዶ ቤንዚኑ እንደማይበዛ አየ። ሽማግሌዎቹም ተሰበሰቡ። ደስ አለኝ፤ እግዚአብሔር የሚሰማ አምላክ ነው አልኩ፤ ዛሬም እላለሁ።

ከትንሣኤ በኋላ በነበረው እሑድ የጌታ እራት ነበር። መጋቢው ማይኩን ያዘና «ወንድማችን ላሊሞ የእገዳ ጊዜውን ፈጽሞ ወደ ኅብረታችን ተመልሷል፤ ጌታ ይመስገን» አለ። አሜን ተባለ። ላሊሞን አየሁት። አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ነገሩን ሊውጠው ነው።

ተነሣሁ። በጉባኤ ተናግሬ አላውቅም። «የተመለሰ የለም» አልኩ። «አልሄደም ነበር።»

አግዳሚው ሁሉ ዞረ። መጋቢው «እህት ሣራ፣ በኋላ እንነጋገራለን» አለ።

«የታገደው በማይክ ነው።»

ቆሜ ቀረሁ። መጋቢው ወደ ሽማግሌዎቹ ወንበር አየ። ዘካርያስ መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ ያነብ ጀመር። መጋቢው ማይኩን ወደ አፉ አቀረበና «ወንድም ላሊሞ ቤንዚን አልወሰደም። የተሳሳትነው እኛ ነን» አለ። ያኔ ተቀመጥኩ። ሳህኑ መጣ። ላሊሞ ወሰደ።

ከሰዓት በኋላ ዘካርያስ ቁልፉን ይዞ ብቻውን ቤታችን መጣ። ያንኑ መልካም ሱፉን ለብሷል። የሚናገረውን አጥንቶ እንደመጣ ያስታውቃል። «ወንድሜ ላሊሞ፣» ብሎ ጀመረ፣ «የሰው ልጅ በቅንነትም ይሳሳታል። እኔ መኪናዋ እንዳትጎዳ በማሰብ…»

«ቁልፉ ነው?» አለ ላሊሞ።

«አዎ። ግን አስቀድሜ…»

«ተበላ ምጥ የጠናባት ሴት አለች። ጠዋት ነው መልእክት የመጣው፤ የሚሄድላት ጠፍቶ።» ቁልፉን ከእጁ ወሰደ፣ ኮቱን ከሚስማሩ አነሣና ወጣ። ሞተሩ ሲነሣ ሰማን፤ ከግቢው ሲወጣ ሰማን።

ዘካርያስ ባርኔጣውን ከጠረጴዛው አንሥቶ ወደ በሩ ተራመደ። «እንግዲህ ሌላ ቀን…» አለ።

በሩን ዘጋሁት። ወንበሩን ሳብኩለት።

«ወንድም ዘካርያስ፣ ይቀመጡ» አልኩት። «ላሊሞ ጊዜ የለውም። እኔ አለኝ።»